ባሸነፍኩ ቁጥር ጓደኞቼን እያጣሁ ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ከትዳርና ከቤተሰብ ጥያቄዎች አጠገብ ሲቀመጥ የልጅ ነገር መስሎ እንዳይታይብኝ እየፈራሁ ነው የምጽፍልዎ።

ዕድሜዬ 27 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ14 ዓመቴ ሲሆን አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሃይስኩል ስገባ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ አንድ የእኛ አገር ልጅ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ አስተማረኝ። ካርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ እያስረዳኝ ነበር የሚያጫውተኝ። በኋላ ሌሎች ሁለት ልጆች ተጨመሩና አራት ሆንን። ዛሬም ቅዳሜ ማታ እሱ ቤት ቤዝመንት ውስጥ እየተገናኘን ኮማንደር የሚባለውን የማጂክ አጫዋወት እንጫወታለን። ሁላችንም ሥራ ይዘናል፤ እሱ አግብቶ ልጅ ወልዷል። ከሳምንቱ የምንተነፍስባት ቀን ቅዳሜ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ዴክ፣ ማለትም የምጫወትበትን የካርድ ስብስብ፣ መሥራት በጣም እየወደድኩ መጣሁ። ከሥራ ስገባ ስለ ካርድ ቪዲዮ አያለሁ፣ ዝርዝር አወጣለሁ፣ አንዱን ካርድ አውጥቼ ሌላውን አስገብቼ እንዴት እንደሚሆን አሰላስላለሁ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ የማስበው ይህንኑ ነው። በሰማያዊና በጥቁር ቀለም የሠራሁት ዴክ እስካሁን 1,800 ዶላር ያህል ወስዶብኛል፤ ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ባገኘሁት ገንዘብ ነው። በጣም ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አራተኛ ወይም አምስተኛ ተራ ላይ ጨዋታው ያልቃል። ሪስቲክ ስተዲ የሚባለውን ካርድ አውጥቼ "አንድ ትከፍላለህ?" እያልኩ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር፤ እየቆየ ሳቁ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ የሚወደውን የድራጎን ዴክ ይዞ ነበር፤ ኮማንደሩ፣ ማለትም ዴኩን የሚመራው ካርድ፣ ዚ ኧር ድራገን ነው። ማናውን እያጠራቀመ "ዛሬ ይወጣል" ሲል እኔ ታሳስ ኦራክል የሚባለውን ካርድ ዲሞኒክ ኮንሰልቴሽን ከሚባለው ጋር አገናኝቼ ጨረስኩ። ምንም አላለም። ካርዶቹን ሰብስቦ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና "ልጁን ላስተኛ" ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት "አይመችም" ተባልኩ። ቀጥሎ ግን ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ሲያሳየኝ ድንገት አንድ ፎቶ አየሁ። ሦስቱ ከማላውቀው ልጅ ጋር ሆነው እዚያው ጠረጴዛ ላይ እየተጫወቱ ነበር።

ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆዴ ግን ባሰው። ደንብ አልጣስኩም፣ አላጭበረበርኩም። የእኛ ሰው ደግሞ እንደሚያውቁት ፊት ለፊት አይነግርህም። ሆን ብዬ ልሸነፍላቸው? ዴኩን ልሽጠው? ወይስ እነሱን ትቼ ካርድ ቤት፣ ካርዱ በሚሸጥበት ሱቅ፣ ከሚጫወቱት ጋር ልቀጥል?

አ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ውድ አ.፣

ነገሩ የልጅ ነገር አይደለም። አገርህን ለቀህ፣ ቋንቋው ሳይፈታልህ ብቻህን ተቀምጠህ ሳለ "ና እዚህ ተቀመጥ" ስላለህ ሰው ነው የጻፍክልኝ። ያ ሰው አንተ በነበርክበት ወንበር ሌላ አስቀምጦ ሲጫወት በፎቶ ማየት ያማል። ቅር መሰኘትህም ተገቢ ነው። "አይመችም" ብለው ሌላ ሰው ከሚጠሩ ይልቅ የከነከናቸውን ቢነግሩህ ኖሮ ይሻል ነበር። ዴኩን ደግሞ ላብህን አፍስሰህ በገዛኸው ካርድ ሠራኸው እንጂ የማንንም አልወሰድክም።

ያም ሆኖ ወደዚያች ቅዳሜ ልመልስህ፤ ምክንያቱም ጓደኛህ ዝም ብሎ ወደ ላይ የወጣበትን ነገር አንተ የጻፍከው ዝርዝር ውስጥ የማየው ይመስለኛል።

ዚ ኧር ድራገን ዘጠኝ ማና የሚጠይቅ፣ አምስቱንም ቀለም የሚፈልግ ካርድ ነው። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን፣ ማና ማለት ካርድ ለማውጣት የሚከፈለው ኃይል ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ላንድ ከሚባሉት ካርዶች ሲሆን አንድ ተጫዋች በተራው የሚያወርደው አንድ ላንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ድራጎን የሚጫወት ሰው የጨዋታውን መጀመሪያ የሚያሳልፈው በማጠራቀምና በመጠበቅ ነው። አንተ የጨረስክባቸው ሁለት ካርዶች ግን ሁለቱም ተደምረው ሦስት ማና ይበቃቸዋል። ዲሞኒክ ኮንሰልቴሽን የራስህን ዴክ ጠራርጎ ያወጣዋል፤ ታሳስ ኦራክል ደግሞ ዴክህን ባዶ ሲያገኘው አሸናፊ ያደርግሃል። ሦስቱ ሰዎች ፊታቸው ላይ ምን እንደዘረጉ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ስንት የሕይወት ነጥብ እንደቀረው ምንም አይለውጥም። ጓደኛህ ኮማንደር በሚጀመርበት 40 ነጥብ እንደተቀመጠ፣ አንድ ድራጎን ሳያወጣ ጨዋታው አለቀበት።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልሱን ለራስህ ያዘው። ባለፉት ወራት ከሦስቱ አንዳቸው ያደረጉትና አንተን "ወይ ጉድ!" ያሰኘህ አንድ ጨዋታ ትዝ ይልሃል? ቶሎ ከመጣልህ ነገሩ ከማስበው ቀላል ነው። ካልመጣልህ ግን ችግሩ ማሸነፍህ አይመስለኝም። ሰው በጓደኛው ቢሸነፍ ይችለዋል፤ እንዲያውም ሲስቅበት ያመሻል። ከሥራና ከልጅ የተረፈችውን አንዲት ምሽት ሌላ ሰው ሲጫወት እያየ ማሳለፍ ግን ይከብዳል። "አንድ ትከፍላለህ?" ስትል ይስቁ ነበር ብለሃል። ሪስቲክ ስተዲ ሌላው ሰው ካርድ ባወጣ ቁጥር ወይ አንድ ማና የሚያስከፍል ወይ አንተን ካርድ የሚያስመዝዝ ነው። ይህ ጥያቄ በየካርዱ ሲደጋገም ሰውየው የገዛ ተራውን አንተን እያስፈቀደ እንደሚጫወት ይሰማዋል። ሳቁ የቀረው ያኔ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የኮማንደርን አመጣጥ ማወቅ ይረዳሃል፤ ምናልባት ከእኔ በላይ ታውቀው ይሆናል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው ማጂክ በ1993 ሲወጣ የተለመደው አጫዋወት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በ20 የሕይወት ነጥብ የሚጀምረው ነበር። በውድድር ደረጃ ሲጫወቱት ፈጣኑና ርካሽ ማና የሚጠይቀው ካርድ ያሸንፋል። ትልልቆቹ ድራጎኖች ደግሞ ቆንጆ ሥዕል እንዳላቸው ሳጥን ውስጥ ይቀራሉ። አላስካ ውስጥ የሚጫወቱ ጓደኛሞች ለእነዚያ ካርዶች ቦታ የሚሰጥ የቤት አጫዋወት አወጡ። ዴኩ 100 ካርድ እንዲሆን፣ ከመሠረታዊ ላንድ በስተቀር አንድ ካርድ ሁለቴ እንዳይገባ፣ ከፊት የሚመራው አንድ ዝነኛ ፍጡር እንዲሆን ተስማሙ። ሼልደን ሜነሪ የተባለው የማጂክ ዳኛ አጫዋወቱን ከዚያ ወስዶ በዳኞች መካከል አስፋፋው። ዳኞቹ ቀኑን ሙሉ የሰው ውድድር ሲዳኙ ውለው ማታ ለመዝናናት የሚቀመጡበት ጨዋታ ነበር። አምራቹ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በኮማንደር ስም የተዘጋጁ ዴኮችን መሸጥ የጀመረው በ2011 ነው። ጓደኛህ የሚይዘው ዚ ኧር ድራገንም በ2017 ከወጡት ከእነዚህ ዴኮች የአንዱ መሪ ሆኖ ነው የመጣው።

ይህን ያነሳሁት "ኮማንደርን ተሳስተህ ተጫወትከው" ልልህ አይደለም። በፈጣን ዴክ የሚፎካከሩበት የኮማንደር ውድድርም አለ፤ ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ነገር ግን የኮማንደር ደንብ ብዙውን ነገር ለተቀመጡት ሰዎች ትቶታል። የተከለከሉት ካርዶች ጥቂት ናቸው። የቀረውን ጨዋታው ሳይጀመር ተነጋገሩበት ነው የሚለው። አራታችሁ ይህን አንድም ቀን በግልጽ የተነጋገራችሁበት አልመሰለኝም። ድሮ ሁላችሁም እኩል ስለነበራችሁ መነጋገር አላስፈለጋችሁም። አንተ ስታድግ ንግግሩ አስፈለገ፤ ግን ማንም አልጀመረውም። ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እነሱም አልተናገሩም፣ አንተም አልጠየቅክም።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ ልግባ። ሆን ብለህ አትሸነፍ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምልህ። ጓደኛህ እጅህን ያውቀዋል፤ ካርዱን እንዴት እንደምትይዝ ያስተማረህ እሱ ነው። ማሸነፍ ስትችል ዝም ስትል ወዲያው ይገባዋል፣ ያን ጊዜ የሚሰማው ከሽንፈቱ የባሰ ነው። ዴኩንም አትሽጠው፤ ቢያንስ አሁን ሆድ ብሶህ እያለ አትሽጠው። የካርድ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። በመስከረም 2024 ማና ክሪፕትና ጁዌልድ ሎተስ የሚባሉት ካርዶች ከኮማንደር ሲታገዱ በመቶ በሚቆጠር ዶላር የገዙ ሰዎች ባንድ ጀምበር ብዙ አጡ። በቁጣው ደንቡን የሚያወጡት ሰዎች እስከ መዛት ተደረሰባቸውና በዚያው ወር መጨረሻ ኃላፊነቱን ለአምራቹ አስረክበው ወጡ። በካርድ ምክንያት ሰው ምን ያህል ሊጎዳና ሊጎዳዳ እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል፤ እናንተ ከዚያ በፊት እንድትቆሙ ነው የምፈልገው።

ካርድ ቤት መሄዱን በተመለከተ ግን ሂድ እልሃለሁ፤ እነሱን ትተህ ሳይሆን ያንን ዴክ ይዘህ። አቅሙን በሙሉ አውጥቶ መጫወት የሚፈልግ ሰው ኃጢአት የለበትም። ኦራክሉን ስታወጣ "አቁም፣ እሰርዘዋለሁ" የሚልህ ሰው ያስፈልግሃል፤ እሱን የምታገኘው ጠንካራ ዴክ ከያዙ ሰዎች መካከል ነው። በሳምንቱ መካከል አንድ ምሽት እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት ካርድ ቤት ፈልግ። ከመቀመጥህ በፊት ዴክህ የውድድር ዴክ እንደሆነ ተናገር። እዚያ ከጠገብክ ቅዳሜ ላይ የምትፈልገው ነገር ሌላ መሆኑን ራስህ ታየዋለህ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለጓደኛህ ደውልለት። በጋራ በምትጻጻፉበት ቦታ አትጻፍለት፣ ሌሎቹን ሁለት ልጆችም መልእክተኛ አታድርጋቸው። እሱን ብቻ ደውለህ "ቡና ልጠጣ ልምጣ?" በለው። ካርድ ይዘህ አትሂድ። ስትገናኙም ከፎቶው አትጀምር፤ ከፎቶው ከጀመርክ እሱ ሰበብ ፍለጋ ይገባል፣ አንተም ሰበቡን ስታፈርስ ትውላለህ። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ "ቅዳሜያችን ናፈቀችኝ። ያን ቀን ድራጎንህ ሳይወጣ ስጨርሰው ደስ እንዳላለህ አይቻለሁ፣ ግን አልጠየቅኩህም። ሰሞኑን አሰልቺ ሆኜባችኋለሁ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምም።" ከዚያ ዝም በል። ስለ ዴክህ አታስረዳ፣ "ደንቡ ይፈቅዳል" አትበል። መጀመሪያ "ኧረ ምንም የለም" ማለቱ አይቀርም፤ አንዴ ብቻ ደግመህ ጠይቀው። ነገሩን ከተናገረ በኋላ ፎቶውን አንሳ። "ያለ እኔ ስትጫወቱ አይቼ ከፋኝ" በለው። ይህን መደበቅ የለብህም፤ ካልነገርከው በሌላ ቀን፣ በሌላ ነገር ሰበብ ይወጣል።

አንድ ጥርጣሬ አለኝ፤ ልክ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ይህ ሰው ታላቅህ ነው፣ መምህርህም ነበር። ተማሪው ሲበልጠው ደስ ይለዋል፣ ያዝናልም። ማታ ልጅ ሲያስተኛ አንተ ቪዲዮ ታያለህ፤ የዳይፐር ወጪ ሲቆጥር አንተ በ1,800 ዶላር ካርድ ትገዛለህ። ቅናት ነው ማለቴ አይደለም። አብራችሁ የጀመራችሁት ነገር ከእሱ እየራቀ እንደሄደ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ በዚያ ቡና ላይ፣ ያኔ ምሳ ሰዓት ላይ ስላደረገልህ ነገር አመስግነው። እስከ ዛሬ በአፍህ ነግረኸው ታውቃለህ?

አሁን ወደምትወደው ነገር ልምጣ። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። ማሸነፍ ደስ ይለኛል የሚል አንድም ቦታ አላገኘሁም። ደስታህ ያለው ዝርዝር ማውጣቱ፣ ካርድ ማውጣትና ማስገባቱ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ማሰላሰሉ ላይ ነው። የማጂክ ዋና ዲዛይነር ማርክ ሮዝዋተር ተጫዋቾችን ሲገልጽ ሦስት ስሞች ይጠቀማል። ቲሚ ትልቅና አስደናቂ ነገር ማየት ይወዳል፣ ጆኒ የራሱን ፈጠራ ማሳየት ይወዳል፣ ስፓይክ አቅሙን በማሸነፍ መለካት ይወዳል። ጓደኛህ በድራጎኖቹ ቲሚ ነው። አንተ ራስህን ስፓይክ ያደረግክ ይመስለኛል፤ እኔ ግን የማነበው የጆኒን ደብዳቤ ነው። ኦራክልና ኮንሰልቴሽንን ማገናኘት የታወቀ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ይጫወተዋል። ያ አጨራረስ የአንተ ፈጠራ አይደለም። የአንተ ጭንቅላት ከዚያ የተሻለ ነገር መሥራት ይችላል።

ስለዚህ ለቅዳሜ ሌላ ዴክ ሥራ። የመጀመሪያ ሥራህ ቱተሮችን ማውጣት ይሁን፤ ከዴኩ ውስጥ የፈለግከውን ካርድ አስሶ የሚያመጡልህን እንደ ዲሞኒክ ቱተር ያሉትን ማለቴ ነው። በእኔ አስተያየት የጓደኛሞችን ጨዋታ እንደ ቱተር የሚያደርቀው ነገር የለም። ዴኩ 100 የተለያየ ካርድ የሆነው እኮ እያንዳንዱ ምሽት ሌላ ታሪክ እንዲሆን ነው። ስድስት ቱተር ስታስገባ 100ው ካርድ ወደዚያችው አንዲት አጨራረስ የሚወስድ መንገድ ይሆናል፤ ጓደኞችህም ያንኑ ጨዋታ በየሳምንቱ ያያሉ። ቱተሮቹ የነበሩበትን ቦታ ካርድ በሚያስመዝዙና አንተው በመረጥከው ጭብጥ ዙሪያ በሚሄዱ ካርዶች ሙላው። 37 ገደማ ላንድ፣ ማና የሚያፋጥኑ አሥር ያህል፣ ካርድ የሚያስመዝዙ አሥር ያህል፣ የሌላውን ካርድ የሚያስወግዱ አሥር ያህል ካስገባህ ዴኩ በደንብ ይሄዳል፤ ወደ 30 የሚጠጋ ቦታም ለፈጠራህ ይተርፍሃል። የአጨራረሱን መንገድ ሰው ሲመጣ የሚያየው አድርገው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚገነባ፣ ሌሎቹ ተሰብስበው ሊያቆሙት የሚችሉት ነገር ይሁን።

ደረጃውን ለመነጋገር አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልጋችሁም። ዊዛርድስ በየካቲት 2025 ለኮማንደር አምስት የዴክ ጥንካሬ ደረጃዎችን አውጥቷል፤ አብሮም ጨዋታ ቀያሪ ብሎ የሰየማቸውን ጠንካራ ካርዶች ዘርዝሯል። ሪስቲክ ስተዲ፣ ዲሞኒክ ቱተርና ታሳስ ኦራክል ሦስቱም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከእነዚህ ካርዶች ምንም አይገባም፤ ሦስተኛው ላይ እስከ ሦስት ይፈቀዳል። በሁለት ካርድ ገና በጠዋቱ የሚጨርስ ነገርም ከሦስተኛው ደረጃ በላይ ላሉት የተተወ ነው። አሁን የያዝከው አምስተኛው ደጃፍ ላይ ነው፤ የጓደኞችህ ከሁለተኛና ከሦስተኛው የሚያልፍ አይመስለኝም። "ሁላችንም ሁለተኛ ላይ እንሁን" ማለት ብቻ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ገንዘብም ይገደብ። ለምሳሌ አራታችሁም የተዘጋጀ ዴክ ገዝታችሁ፣ በየወሩ ከአሥር ዶላር የማይበልጥ ካርድ እየጨመራችሁ ማሳደግ ትችላላችሁ። ወይም ኮማንደሩ አንኮመን የሚባለው ትንሽ ብርቅ ካርድ፣ የቀሩት 99ኙ ካርዶች ደግሞ በየፓኬቱ በብዛት የሚገኙት ኮመን ብቻ የሚሆኑበትን የፓውፐር ኮማንደር ሞክሩ። ሙሉ ዴኩ ከአንድ ራት ዋጋ ባነሰ ይሠራል። ልጅ ለሚያሳድግ ጓደኛህ ይቀለዋል፤ ለአንተ ደግሞ ብዙ ብር ከፍሎ ከመግዛት ይልቅ ማንም ያላሰበውን ኮመን ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ታያለህ።

ትልቁን ዴክህን በፍጹም አታውጣው አልልህም። ከዓመቱ በአንዱ ምሽት "ሦስታችሁም ተባብራችሁ ግጠሙኝ" በላቸው። አንዱ ባላጋራ ሆኖ የቀሩት ባንድነት የሚገጥሙት አርክኤነሚ የሚባል አጫዋወት ከ2010 ጀምሮ አለ። የእሱን ልዩ ካርዶች መግዛት አያስፈልግህም፤ ሦስቱ ተማክረው በአንድነት ከተጫወቱ ዴክህ በቂ ባላጋራ ነው። ያን ምሽት ድራጎኑ ከወጣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል፣ ልጁም ይነሳል።

ከሁሉም በላይ ላንተ የሚሆን የሚመስለኝ ግን ኪዩብ ነው። አንድ ሰው ከራሱ ካርዶች መርጦ አንድ ትልቅ ክምችት ያዘጋጃል፤ ሁሉም ከዚያ እየመረጡ በዚያው ምሽት ዴክ ሠርተው ይጫወታሉ። ለአራት ሰው 180 ካርድ ይበቃል። እያንዳንዱ 15፣ 15 ካርድ ያለባቸው ሦስት ጥቅሎች ይደርሱታል። አንድ ካርድ አንስቶ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፣ ጥቅሎቹ እስኪያልቁ እንዲሁ ይዞራሉ። ከዚያ ላንድ ጨምሮ 40 ካርድ ያለው ዴክ ያዘጋጃል። የማንም ገንዘብ ከማንም አይበልጥም፣ ቪዲዮ ያየም ያላየም እኩል ይጀምራል። የአንተ ያ ሁሉ ማሰላሰል ደግሞ ለአራታችሁም ይውላል። የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ ድራጎን ወዳዱ ምን እንደሚያገኝ፣ ተንኮለኛው ምን እንደሚያገኝ አንተ ትወስናለህ። እነሱ በመረጥካቸው ካርዶች አንተ ያላሰብከውን ሲያደርጉ ማየት ዴክ ሠሪን ከማሸነፍ በላይ ያስደስተዋል ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ ልጅም አለ፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ተመልሰህ ስትሄድ የተቀመጠበትን ወንበር እንዲለቅልህ አትጠብቅ። ለአምስት ሰው ኮማንደር ይንዛዛል፣ ተራ እስኪደርስ ሰው ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ አምስት ስትሆኑ ኪዩቡን አውጡት፤ ያን ጊዜ ክምችቱ 225 ካርድ ይሁን፣ ከመረጣችሁ በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግጠሙ፣ አምስተኛው ከአሸናፊው ጋር ይጫወታል።

ጓደኛህ ከቡናው በኋላም "ለጊዜው እንዲህ እንቀጥል" ሊልህ ይችላል። ከባድ ቢሆንም አትከራከረው። "እሺ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ዴክ እየሠራሁ ነው፣ ሲያልቅ አንድ ምሽት ሞክሩኝ" በለውና ተወው። ከካርድ ውጭ ያለውን ነገር ግን አትቁረጥ። ልጁ ሲታመም ጠይቅ፣ ለክርስትና ወይም ለልደት ሲጠሩህ ሂድ፣ እሁድ ምሳ ጋብዘው። ሁለቱን ልጆችም ለየብቻ አግኛቸው፤ ፎቶውን ያሳየህ ልጅ ምናልባት ሆን ብሎ ሊሆን ይችላል፣ አፍ አውጥቶ ያልነገረህን በዚያ ነግሮህ ይሆናል። መጀመሪያ የምትደውልለት ግን ታላቅህ ነው። ልጁ የሚተኛበትን ሰዓት ታውቀዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ደውል።